የአሥራ ሁለተኛው ዘፈን ተራ

ከሮክ ዘፈኖች ሁሉ አሥራ ሁለቱን መርጠን ደረጃ ለማውጣት እኔና ታናሽ ወንድሜ ዓመታት ፈጅቶብናል። የሰፈሩ ልጅ በሌላ ዘፈን ሲጨፍር እኛ ዲላ ተቀምጠን በፈረንጅ ጊታር እንጣላ ነበር። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የቤት ቆርቆሮ ሲነቀል?» ይለን ነበር።

አንደኛ ያደረግኩት ዘፈን ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል ሳይወጣበት ጊታሩ ብቻውን የሚያለቅስበት ነው። ሁለተኛው ላይ ከበሮው ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ሲገባ ግን ቁጭ ብሎ የሚቀረው ደንቆሮ ብቻ ነው። ወንድሜ የሚያብድለት ዘፈን በእኔ ቤት ጭራሽ ዝርዝር ውስጥ መግባት አልነበረበትም። መግቢያው ይንዛዛል፣ ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያልጎመጉማል። ለምኖ ለምኖ ሲያሰለቸኝ አሥራ ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ፣ አስገባሁለት። ታላቅ ነኝ፣ ደረጃው የሚጻፍበት ደብተርና እስክሪብቶውም በእኔ እጅ ነበር።

አንድ ሕግ ነበረን። ዝርዝሩ ሲከፈት ከአንደኛው ይጀመራል፣ መዝለል የለም። ድሮ ወደፊት ስናጠነጥን ቴፑ ካሴት እየበላ ሲያስቸግረን ያወጣነው ሕግ ነው። ፍላሽ ሲመጣ ምክንያቱ ጠፋ፣ ሕጉ ግን ቆየ።

ወንድሜ ገደብ ከተማ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ ዲላ አስተምራለሁ። ያቻምና በቡና ለቀማ ወቅት ጉበቱን ታመመና ዲላ ሐኪም ቤት ላመጣው ሄድኩ። የጣቢያው ሾፌር በፒካፕ ይዞን ተነሣ። ወንድሜ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ግን ይቀልዳል። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። መንገዱን ከገፋን በኋላ ፍላሹን መኪናው ላይ ሰካሁና ከአንደኛው ጀመርን።

ይርጋጨፌን ስናልፍ አምስተኛው ላይ ነበርን።

«እባክህ ዝለለውና የኔን ክፈትልኝ» አለኝ።

«ተራውን ይጠብቅ!»

«ዛሬ እንኳ?»

«ዛሬ ምን የተለየ ቀን ነው?»

ከልቤ አልነበረም። እንዲሰድበኝ፣ እንደ ድሮው እንድንከራከር ፈልጌ ነው፤ ሲከራከረኝ ጤነኛ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ራሱን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። ሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ዘፋኝ ማን በድሎት ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብሎ ሁለታችንንም አሳቀን።

ዲላ መግቢያ፣ ጪጩ ላይ፣ አሥራ አንደኛው ጀመረ። «ይኸው፣ ቀጥሎ ያንተ ነው» አልኩት። በዐይኑ እሺ አለኝ። ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ ዘፈኑ ገና አላለቀም ነበር። ደግፌ አወረድኩት። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። እናታችን ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣለችበት፣ ዓመቱ እስኪሞላም አላነሣችውም። ፍላሹን መኪናው ውስጥ ረስቼው ነበር። ሾፌሩ ለሰልስት ሲመጣ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ጋሼ፣ እናንተን አውርጄ መኪናውን ሳዞር ሌላ ዘፈን ገባ። እስከ ጪጩ ሰማሁት። ጥሩ ነው እኮ!»

ምስኪን፣ ሊያጽናናኝ ነው። ወደ ጓሮ ዞሬ በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። አምስት ደቂቃ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ብንቆይ ምን እንሆን ነበር? ስድስት ዘፈን ብዘል ማን ይከሰኝ ነበር? ይህን ጥያቄ ዛሬም አልተገላገልኩትም።

ዓመቱ ሞልቶ ጥቁሬን ያወለቅኩ ቀን፣ እናቴ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሣች። እኔም ክፍሌ ገብቼ ፍላሹን ሰካሁና አሥራ አንዱን ዘፈን ዘለልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ጣስኩ። ዐይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ውሸት አልናገርም፣ መግቢያው አሁንም ይንዛዛል፣ ዘፋኙንም ጉንፋኑ አልለቀቀውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ በእኔ ጆሮ ዘፈኑ አሁንም አሥራ ሁለተኛ ነው።

ደብተሩን አወጣሁና አንደኛ ብዬ ጻፍኩት። የሚከራከረኝ ሰው የለም።