ለአንዲት ማውስ የታሸገ ክፍል

ከመካነ ሰላም የምወጣበት ዋዜማ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለቤቴ ሰዓዳ በኩራዝ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ፣ ልጄ ከድጃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

«አባዬ፣ አንተ ከሄድክ ክፍሉን ማን ያስከፍትልናል?»

ክፍሉ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ እኔም የኮምፒውተር መምህሩ ነበርኩ። በእርዳታ የመጡት ኮምፒውተሮች የዳንቴል ጨርቅ ለብሰው ሲደረደሩ፣ ተማሪው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ገባ፣ አየ፣ ሳይነካ ወጣ። ከዚያ የንብረት ቆጠራ መጣና አንዲት ማውስ ጎደለች። ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ ክፍሉ ታሸገ።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተርን በጠመኔ አስተማርኩ። የመጀመሪያው ትውልድ ኮምፒውተር በምን ይሠራ ነበር ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በቫክዩም ቲዩብ» ይላል። ቤት የሚያህለው ማሽን እንዴት ጠረጴዛ ላይ እንደወጣ፣ ከጠረጴዛም ወርዶ እንዴት ሰው ጭን ላይ እንደተቀመጠ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ማብሪያው የት እንደሆነ አያውቁም።

ንብረት ክፍል አቤት ልል ስሄድ ኃላፊው ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ይጫወት ነበር። ከሰላምታውና ከቤተሰቡ ደኅንነት በኋላ ጠየቅኩት፤ እኛ ዘንድ ሰው ለመከልከል እንኳ መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ይጠየቃል።

«እሽጉ መቼ ይነሳል?»

«ማውሷ ስትገኝ፣ መምህር።»

«ሌላ ገዝቼ ላምጣ?»

«ሌላማ ሌላ ናት። የጠፋችው ቁጥር ተለጥፎባታል» አለና ቀዩን ሰባት ጥቁሩ ስምንት ላይ አስቀመጠ።

ሻንጣዬ በተዘጋጀ ማግስት ማለዳ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወረድኩ። ከዚያ እንዴት ጅዳ እንደደረስኩ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በዚያው መንገድ ሄዳችኋልና። የቀጠረኝ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ቀጣሪ በዐረቦቹ ቋንቋ ከፊል ይባላል፤ ፓስፖርትህን መሳቢያው ውስጥ የሚቆልፍ ሰው ማለት ነው።

«አገርህ ምን ነበርክ?» አለኝ።

«የኮምፒውተር መምህር።»

«ሲበላሽብህ ምን ታደርግ ነበር?»

«በዳስተር አጠፋውና እንደገና እስለዋለሁ።»

የቀለድኩ መሰለው፤ እየሳቀ መጋዘኑን አሳየኝ። ኮምፒውተሩ እንደ ድንጋይ ካብ ተቆልሏል። ሠራተኞቹ በቦት ጫማ ኪቦርዱን እየረገጡ ያልፋሉ። እኔ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ ነበር። ማውስ እዚያ እንደ ሽንኩርት በኪሎ ትሸጣለች። ያን ቀን ከሙቀቱ ይልቅ ንዴቱ አቃጠለኝ፤ በበራችን ስንጥቅ የሚገባው፣ ስረግመው የኖርኩት የደጋ ብርድ እንኳ ናፈቀኝ። ምሳ ሩዝ ነበር። ሁልጊዜም ሩዝ ነው።

ሥራ ሲቀዘቅዝ የኮምፒውተር ታሪክ የተጻፈባቸውን መጻሕፍት አነባለሁ። መጀመሪያ ሁለት መስመሮች አንዲት ነጥብ የሚቀባበሉበት ጌም ወጣ፣ የግል ኮምፒውተር ተሠራ፣ ከዚያ ኮምፒውተር በየቤቱ ገባ ይላሉ። የማን ቤት? ከከላላ ገበያ በበቅሎ የሚመለሰው ሰውዬ ቤት ሲገባ አላየሁም። በእኛ በኩል ታሪኩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጌም የኃላፊው ካርታ ነው፤ ሁለተኛው ሞባይል ውስጥ ያለችው እባብ ናት፤ የቀረው ታሽጓል። ድህነት ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ኮምፒውተሮቹ ነበሩ፤ መብራቱም ደስ ሲለው ይመጣል። የጠፋው ልጅን ከዕቃ የሚያስበልጥ ሰው ነው።

ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ አንድ ፌስታል ሙሉ ማውስ ላክሁ። ቁጥሩ አይገጥምም ተብሎ ተመለሰ። ፍሎፒ የሚባለው ዲስክ ቀርቶ ፍላሽ መጣ፣ ከፊሌ በጣቱ የሚነካው ስልክ ገዛ፣ ክፍሉ እንደታሸገ ነው። ከድጃ ግን አደገች። ከተማው ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት ሴት፣ በኮምፒውተር መጻፍ ከቻልሽ ነገውኑ እቀጥርሻለሁ ብላታለች። ደላላውም ፓስፖርቷን አስወጥቶ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ሊልካት መልሷን ይጠብቃል። ማን ቤት እንደምትገባ፣ ማን በር እንደሚቆልፍባት እኔ እዚህ ሆኜ በየቀኑ አየዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወለች።

«አባዬ፣ ተከፈተ።»

«ማውሷ ተገኘች?»

«አይ። ክፍሉን ለስብሰባ ፈለጉት። ኮምፒውተሮቹን መጋዘን ሊያስገቧቸው ነው። ዘበኛው እስኪጭኑት ንኪ ብሎኝ ገብቻለሁ።»

«ጫማሽን አወለቅሽ?»

«ወላሂ አወለቅኩ።»

«በይ አብሪው። ማብሪያው ከፊት ለፊት ነው።»

«አባ፣ መብራት የለም እኮ።»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። መጋዘን ውስጥ ስለምውል የኪቦርድ ቁልፍ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጻፍኩ ነዋ። ስሜን።» ቁልፉን መምታቷን ሳታቆም ቀጠለች። «ደላላው ነገ ይመጣል። ምን ልበለው?»

መልስ ስፈልግ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ይሰሙኝ ነበር። ከኋላዋ አንድ ሰው «በቃ ልቀቂው፣ ልናወጣው ነው» አለ።