ገላጋይ የጠፋበት ሬስሊንግ

ልጄ በስልኩ ሬስሊንግ ሲያይ የግጥሚያው ደወል ተደወለና የድሮ ንዴቴ ተመለሰብኝ።

ባሕር ማዶ ቻምብሊ የምትባል ከተማ እያለን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የምወደው ሬስለር ለሻምፒዮና ቀበቶ የሚጋጠምበትን ቀን ወር ሙሉ ጠበቅኩ። ዳኛው ወለሉን እየመታ «ዋን፣ ቱ» ብሎ ማሸነፊያዋን «ስሪ» ሊል ሲል እማዬ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች ከኪችን መጣች።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ እያየ አንድ ገላጋይ ይጠፋል?»

«እማዬ፣ ፌክ ነው እኮ» አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ።

«ታዲያ አንቺ ምን ያስለቅስሻል?» ብላ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀለችው። «በቃ፣ ገላገልኳቸው።»

በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ «ገደልኳቸው» ያለች መስሎኝ ጭራሽ ጮህኩባት።

አሁን ደወልኩላትና «ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ እስከዛሬ አላውቅም» አልኳት።

«ማንም አላሸነፈም» አለችኝ። «ገላግያቸው የለ እንዴ?»