በጨው ውሃ የታጠበችው ሎሪ

በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር አንድ ነው፤ የሹፌር ወንበር። ሚስት እንኳ ያገባሁት ዘመድ አግባ ስላለኝ ነው። ወንበሩን ግን ማንም ሳይመክረኝ ፈለግሁት። ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ከሰላ ረዳት ሆኜ ዕቃ ስጭንና ሳወርድ፣ ከኔ በኋላ የተወለዱት እየዘለሉኝ ወንበሩ ላይ ወጡ። ፊደል ስለማታውቅ መንጃ ፈቃድ አይሰጥህም አሉኝ። ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ በነበርሁበት ጊዜ ሽበቴን ይዤ ከሴቶችና ከሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁና ሀ ሁ ቆጠርሁ። ማንበብ ሲሆንልኝ ሄድሁ። ፈተናው በዓረብኛ ነው አሉኝ። ፊደሉ ለዚህ ጽሑፍ ካልሆነ ለምንም አልበጀኝ።

ሎሪዋ የሐጂ ነበረች። ሐጂ የምንላቸው ጎንደር ተወልደው ገዳሪፍ ገበያ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ መንገዱም ንግዱም ወደ ቀይ ባሕር ስለዞረ፣ እሳቸውም ሰሊጥ አስጭነው ወደ ፖርት ሱዳን ሰደዱን። እኔ ረዳት ነኝ፤ ሹፌሩ ደግሞ መስታወት ባየ ቁጥር ጢሙን የሚያበጥር የመተማ ልጅ። ሰሊጡን አራግፈን ስንመለስ፣ ሱዋኪን ሳንደርስ፣ ባሕሩን በግራ በኩል አየው።

"አያ፣ እንጠባት" አለኝ። "ሐጂ የቆሸሸች መኪና ሲያዩ ያማቸዋል።"

በኛ ዘንድ መኪና የሚታጠበው እንዲህ ነው። ወንዝ ወይ ሐይቅ ሲገኝ ጎማው እስኪሸፈን ትገባለች፣ በባልዲ ይደፋባታል፣ ሰውም ልብሱን አብሮ ያጥባል። ጣናም አትባራም እንዲያው ነው። ይሄኛው ግን ጨው ነው አልሁት።

"ጨው ምን ያደርጋል? ቁስል እንኳ ያደርቃል።"

አስገባት። አጠብናት፤ እውነቱን ለመናገር አማረባት። ከዚያ ራዲያተሩ ውሃ እንደጎደለው ትዝ አለው። ጋቢናው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን ነበረን። ነገር ግን ባልዲው በእጁ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ከባሕሩ ቀድቶ ራዲያተሩን ሞላው።

ሊያወጣት ሲል፣ ግማሽ አካሏ ደረቁ ላይ እንደወጣ፣ ጎማዎቹ አሸዋ ውስጥ ገቡ። ነዳጅ ረገጠ፣ ገቡ። ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ገቡ። ሎሪዋ ነጭ አረፋ እየደፈቀች እንደ ሽሮ ተንተከተከችና ጸጥ አለች። ሹፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አየ፤ ቀጥሎ ጢሙን በመስታወት አየ። "ጋስኬቱ ተቃጥሏል፤ ፖርት ሱዳን ገዝቼ ልምጣ" ብሎ ባገኘው አውቶብስ ተሳፈረ። ኋላ እንደሰማሁት እዚያው ከተማ የውሃ ቦቴ ይነዳል።

ለሐጂ ደወልሁ።

"ሐጂ፣ ሎሪዋ ቆማለች።"

"የት?"

"ባሕር ውስጥ።"

"ባሕር ውስጥ ምን ትሠራለች?"

"ስናጥባት ነው።"

"ሹፌሩን ስጠኝ።"

"ሄዷል።"

ሐጂ ነገር ሲቆርጡ ይምላሉ። "ስማኝ" አሉ። "የኸሪፉ ዝናብ ሳይገባ ሎሪዋ ገዳሪፍ ትግባ። ዝናብ ከጣለ ያንን ጥቁር ጭቃ የሚያልፍ የለም። አንተ መሪውን ይዘህ ካስገባሃት ወንበሩ ያንተ ነው። ሌላ ሰው ይዞ ካስገባትም የሱ ነው። ወላሂ እልሃለሁ።"

"ፈቃድ የለኝም እኮ፣ ሐጂ።"

"እሱን ለኔ ተወው።"

ስልኩን ዘጋሁና ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ የወረድሁት ለማይቀር ጉዳይ ብቻ ነው።

የጭነቱን ሸራ በደረቁ በኩል ከሎሪዋ ጎን ወደ ሁለት እንጨት ወጠርሁት፤ የተረፈውን መሬት አነጠፍሁት። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ሸርጣን የሚባለውን ፍጥረት እዚያ አየሁት፤ በጎኑ ይሄዳል፣ ሰው ሲያይ ይቆማል፣ ከዚያም ወደ ጫማ ይገባል። የዳርቻው ጌታ አንድ ፍየል ጠባቂ የቤጃ ሽማግሌ ነበር፤ ሰይፉ ከትከሻው አይወርድም። የሚጠጣ ውሃ በአህያ ያመጣልኛል፤ ለዚህም ብድሩ አይከፈልም። ንግግሩ ግን አጭር ነው።

"አንተ ሐበሺ፣ መኪና በባሕር ይታጠባል ያላችሁ ማነው?"

"አገራችን እንዲህ ነው የምናጥበው።"

"አገራችሁ ባሕር አለ?"

"የለም።"

ፍየሎቹን ይዞ ሄደ።

ከዚያ የሱዳን ሰው ደግነት መጣብኝ። የሱዳን ሹፌር የተበላሸ መኪና አይቶ አያልፍም፣ ነውር ነው። ከዋናው መንገድ እየታጠፈ ይመጣል፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለማያውቀው አገሬ ይጠይቃል። ቀጥሎ ክዳኑን ይከፍትና ከሱ በፊት የመጣው ሰው መሳሳቱን ይነግረኛል። አንድ ነገር ይፈታል፣ ሸራው ላይ ያስቀምጣል፣ ፉል አብረን እንበላለን፣ "ቡክራ፣ ኢንሻአላህ" ብሎ ይሄዳል። ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። እሱም ይፈታል። አንዱ የኋላ መብራቴን ነቀለ።

"ሞተርና የኋላ መብራት ምን አገናኛቸው?" አልሁት።

"ሽቦ ያው ሽቦ ነው" አለኝ።

ሁሉም ደግሞ በመጨረሻ አንድ ነገር ይላሉ፤ ውረድ፣ እኔ ላስነሣት። አልወርድም። እነሱ ከታች ይፈታሉ፣ እኔ ከላይ መሪ ይዤ ቁጭ። ሐጂ እየደወሉ ይጠይቁኛል።

"ምን ደረሰች?"

"እየተፈታች ነው።"

"መቼ ትገጠማለች?"

"የሚፈታ ሰው ነው እንጂ የሚገጥም አላለፈም፣ ሐጂ።"

መጨረሻ ላይ ክሬን ያለው መኪና የሚነዳ አንድ ጥሩ ሰው መጣ። እንዲህ ጎንብሶ ማየት ወገብ ይጎዳል ብሎ ሞተሩን ከነነፍሱ ነቀለና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀመጠልኝ። "እዚህ ብርሃን አለው" አለኝ። አመሰገንሁት፤ ምን ልበለው?

በዚህ መሐል ሐበሾች ባሕሩ ዳርቻ ሸራ ዘርግተዋል የሚል ወሬ ተነዝቶ ኖሯል። የኛ አገር ልጆች፣ ሴትም ወንድም፣ በሰሊጥ እርሻ የቀን ሥራ ሲሠሩ የከረሙ፣ ዕቃቸውን በላስቲክ አንጠልጥለው መጡ። አንድ የኳስ ማሊያ የለበሰ ቀልቃላ ይመራቸዋል።

"ፋዘር፣ ጀልባዋ መቼ ናት?" አለኝ።

"ጀልባ የለም። ይሄ ሎሪ ነው።"

ዞሮ ጓደኞቹን ጠቀሳቸው። "ገባን። ሎሪዋ መቼ ናት?"

"ስትጠገን።"

"ወዴት ናት?"

"ገዳሪፍ።"

"እሺ፣ ገዳሪፍ እንበላት" አለና ሸራዬ ሥር ጋደም አለ።

ሰው በባሕር የሚያሻግር ደላላ አደረጉኝ። አይደለሁም ብዬ በማልሁ ቁጥር ያከብሩኛል። "እንዲህ አፉን የያዘ ደላላ አይቼ አላውቅም" ትላለች አንዷ። ሂዱ ብዬ ጮህሁባቸው፤ እየፈተነን ነው ተባባሉ። እንጀራ ባይኖርም ያላቸውን ዳቦ ከኔ ጋር ቆረሱ፤ ይህን አልክድም። ማታ ማታ ወደ ባሕሩ ዞረው ይቀመጣሉ፤ እኔም ከወንበሬ ነኝ። እነሱ የሚያዩት ማዶውን ነው። እኔ የማየው ደመናውን ነው፤ ወደ ገዳሪፍ በኩል መጥቆር ጀምሯል።

ወሬው ፖሊስም ዘንድ ደረሰ። አንድ መኮንን ከነወታደሮቹ መጣ።

"ወዴት ልትሻገሩ ነው?"

"ገዳሪፍ።"

"በባሕር?"

"በመኪና።"

"በየትኛው መኪና?"

በአገጬ ጠቆምሁት። ክዳኑን ከፍቶ ሞተር የነበረበትን ቦታ አየ። በዚያ በኩል ባሕሩ ይታያል። ብዙ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን፣ መሪውን፣ ሸራው ላይ የተደረደረውን ብረት አየ።

"ዕብድ ነህ ወይስ ደላላ?"

"ረዳት ነኝ።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልለቀቃችሁ ሁላችሁም ወደ እስር ቤት ናችሁ አለ። ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ግመሎች ወደብ ላይ አራግፋ የምትመለስ ሎሪ አስቆመ፤ እስከ ገዳሪፍ ትጎትታታለህ ብሎ ሹፌሩን አዘዘ። ልጆቹ ከአሸዋው ገፍተው አወጧት፤ ሲገፉ እየሳቁ ነበር። ብረቱን ሁሉ ጫኑ፣ ሞተሩን ከበው ተቀመጡ። መኮንኑም ተሳፈሩ ሲላቸው ደስ እያላቸው ነው የተሳፈሩት። ጀልባዋ ሌላ ቦታ መሰለቻቸው።

ሱዋኪን ላይ መንገዱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ ተራራው ሲታጠፍ ያ ባለማሊያ ከኋላ መስኮቱን አንኳኳ።

"ፋዘር፣ እውነትህን ነበር እንዴ?"

"እውነቴን ነበር።"

በቀረችኝ አንድ መስታወት አየሁት፤ ሰማያዊው እስኪጠፋ ድረስ አንገቱን አልመለሰም።

እኔ ግን እነዳ ነበር። ሞተር የላት፣ ድምፅ የላት፣ ገመዱ ሲወጠር ትሄዳለች፣ ሲላላ ትቆማለች፤ መሪው ግን በእጄ ነው። ወደ ግራ ስል ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል ቀኝ። ሲንካትን አልፈን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ስላልያዘልኝ የሚጎትተኝን ሰው ከኋላ ገጨሁት። ወርዶ ሰደበኝ፤ እኔም ሰደብሁት፤ እንደ ሹፌር ተሰዳደብን። ከሰላ ስንበላ ግን አፌ አላርፍ ብሎ የሐጂን መሐላ ነገርሁት። ማላመጡን አቆመ።

ገዳሪፍ ስንደርስ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር። ሐጂ ጃንጥላ ይዘው ከሱቃቸው ደጅ ቆመዋል። ሰውየው ከኔ ቀድሞ ዘለለ።

"ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ሐጂ። እሱ ከኋላዬ ነበር።"

"መሪዋን ማን ያዘ?" አሉ ሐጂ።

"የጎተታት የኔ ሞተር ነው። ሞተር የሌለው ሰው ምን ነዳ ይባላል?"

ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። እኔ ከወንበሩ አልወረድሁም፤ ብወርድ ያልቃል። ወደ ላይ ቀና ብለው ልጆቹን ጠየቁ።

"ፋዘር ነው የነዳው" አለ ባለማሊያው። "እንዲያውም ይሄን ሰውዬ ገጭቶታል።"

"ሳይነዳ አይገጭም" አሉ ሐጂ። "ወላሂ ብያለሁ፤ ወንበሩ ያንተ ነው።" ወደ ጭነቱ ዞረው ብረቱን አዩ። "በሞተሩ ግን አልማልሁም።"

ሞተሩን ለብረት ገዢ ሸጡት። ሎሪዋ ገበያው ጥግ ቆማለች፤ ሐጂ ሽንኩርት ያስቀምጡባታል። ልጆቹ ዝናቡ ሳያቆም ተበታተኑ፤ ባለማሊያው ወደ ባሕሩ ተመልሷል ይላሉ። ገበያተኛው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ መሪዬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ካልተቀመጥሁበት ሌላ ይቀመጥበታል።

ባለፈው አንዲት ሴት ዶሮዎቿን አንጠልጥላ መጣችና በመስኮቱ ጠየቀችኝ።

"ወደ ገላባት ነህ?"

"ነኝ" አልኋት።

"መቼ ትነሣለህ?"

"ስትሞላ።"

ዞራ ሽንኩርቱ ላይ ወጣችና ተቀመጠች።