ያልተሰበረው መስታወት

ወዳጄ ራህመቶ መስታወት የሚገጥመው ነገ ለሚያወጣው ሰው አዝኖ ነው። አዳማ ላይ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ የአሉሚኒየም ፍሬሙን እሠራለሁ፣ እሱ መስታወቱን ያስገባል። ማጣበቂያውን ሲሊኮን እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያደርግና «ይበቃዋል! መስታወት እንደሆነ መሰበሩ አይቀርም፤ ቀያሪው ለምን ፍዳውን ይይ?» ይላል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ ያበሽቀኛል።

አምና ሞጆ ውስጥ፣ ልጁ ሱሃይላ ገንዘብ ተቀባይ በሆነችበት ፋርማሲ ሁለት መስኮት ገጠምን። የፋርማሲው ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ የመረጡት ላሚኔትድ የሚሉትን፣ በመሃሉ ላስቲክ የገባበትን ድርብ መስታወት ነው። ቆይተው «የከባድ መኪናው አቧራ መድኃኒቴን ጨረሰው!» ብለው ሲጮኹበት፣ ራህመቶ በመደርደሪያው በኩል ያለውን መስኮት ዙሪያውን በሲሊኮን ግጥም አድርጎ ደፈነው። በሱሃይላ ወንበር በኩል ያለውን ግን እንደ ልማዱ ተወው።

ባለፈው ማክሰኞ ፊት ለፊት ባለው ጋራዥ የብየዳ ጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ። ተደውሎልን በረን ስንደርስ ሱሃይላን ሆስፒታል ወስደዋታል። ያየሁት ነገር ጭራሽ አልገባኝም። የተደፈነው መስኮት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ ግን ከፍሬሙ ንቅንቅ አላለም፣ አንዲት ስባሪ አልወደቀችም። ሌላኛው ደግሞ ጫፉ ትንሽ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም፤ እንዳለ ወጥቶ የሱሃይላ ወንበር ላይ ተጋድሟል።

«ይሄ ነው መስታወት! መልሱልኝ፣ ያንን የተሰነጣጠቀውን ጣሉት» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ።

እኔም እውነታቸውን መሰለኝ። የተሰበረው ማንንም ሳይነካ፣ ያልተሰበረው ሰው ይጎዳል? እንዴ!

ራህመቶ የባዶውን ፍሬም ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ጠብ ጠብ ያደረጋት ሲሊኮን እዚያው ደርቃለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን?»

«ላስቲኩ የሚይዘው ስብርባሪውን ነው፣ ዲበኩሉ። መስታወቱን ፍሬሙ ላይ የሚይዘው የጠርዙ ሲሊኮን ነበር። እኔ ደግሞ ጠርዙን ክፍት ተውኩት።»

ሆስፒታል ሄድን። ሱሃይላ ትከሻዋ ተሰብሮ ክንዷ ታስሯል። አባቷን ስታይ ፊቷ በራ።

«አባዬ፣ ለዶክተሩ ነገርኩት እኮ! አባቴ የገጠመው መስታወት ቦምብም አይሰብረውም አልኩት።»

ራህመቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ምነው በተሰበረ፣ ልጄ» አለ፤ «ምነው እዚያው እንደቆመ በተሰበረ!» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ዲበኩሉ፣ አባዬ ምን እያለ ነው?»