ሳያሳይ የማይበላው ኦጉቱ

ኦጉቱ ሳያሳይ የሚበላው ዓሣ አልነበረም። በኪሱሙ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ከባልደረቦቹ ጋር ሲቀመጥ፣ የተጠበሰው ቲላፒያ ገና ገበታው ላይ ከማረፉ ጣቱን ዓሣው ጭንቅላት ላይ ቀስሮ ውዳሴውን ይጀምራል። "ይህን ዓይን እዩት! ይህ ዛሬ ጠዋት ሰው ያየ ዓይን ነው። ይህን ጎን እዩት..." ጣቱ ወደ ጭራው በተጓዘ ቁጥር ባልደረቦቹ ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ፣ ኡጋሊ በሚባለው የበቆሎ ገንፎ እየጠቀለሉ ይጎርሳሉ። ጣቱ ጭራው ላይ ሲደርስ ለኦጉቱ የሚቀረው አጥንት ነው። አጥንቱን እየላሰም ቢሆን ደስተኛ ነበር። የሰው ልጅ ከሆዱ ይልቅ በዓይኑ የሚጠግብበት ጊዜ አለ፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነው የኖረው።

ሙያው በጃቫ ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። የሚሠራባት ትንሽ ቢሮ የሐይቁን ውሃ ከፍታ እየለካች ለመርከበኞች ትነግራለች። መለኪያዎቹ መብራት ያላቸው ሁለት የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ አንዱ ከወደቡ ሥር፣ ሌላው ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ፊት ለፊት ውሃ ውስጥ ከተተከለ እንጨት ጋር የታሰረ። ሐይቁ አንድ ነውና ቁጥራቸውም አንድ መሆን አለበት። የኦጉቱ ፕሮግራም የእያንዳንዱን መለኪያ ቁጥሮች በየራሳቸው ቋት ያጠራቅምና "ሁለታችሁ እኩል ናችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እኩል ከሆኑ መርከብ ይጠጋል፤ ካልሆኑ አንዱ መለኪያ ታሟል ማለት ነው።

አርብ ዕለት የመርከበኞቹ ሽማግሌ ካፒቴን ኒያንግዌሶ መጥተው ፕሮግራሙን ሊያዩ ቀጠሮ ተይዟል። እሳቸው "እሺ" ካሉ ቢሮዋ ትቀጥላለች፤ "እምቢ" ካሉ ትዘጋና ኦጉቱ ወደ ናይሮቢ ይዛወራል። ይህ ለእሱ ከሞት አይተናነስም።

"ናይሮቢ ዓሣ የሚገባው በመኪና ነው" ይል ነበር እየተንገፈገፈ። "መንገድ ያንገላታውን ዓሣ ምን ብዬ ነው የማወድሰው?"

ደግነቱ ፕሮግራሙ ለሳምንታት አንድም ቀን አላሳፈረውም። ጧት ማታ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ በአረንጓዴ ቀለም "እኩል" የሚል ቃል ይወጣል። አጠገቡ የምትቀመጠው ወጣቷ ባልደረባው አኬሎ ብቻ ነገሩ አልጣማትም።

"ጃዱዎንግ" አለችው፣ ለታላቅ ሰው በሚሰጠው ማዕረግ እየጠራች፤ "ከእኛ ከሉኦ ሕዝብ ሁለት ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ተስማምተው አያውቁም። እነዚህ መለኪያዎች የማን አገር ሰዎች ናቸው?"

"ልጄ፣ በእኔ እጅ የተገሩ ናቸዋ!"

ሰው ልቡ የወደደውን መልስ ደግሞ አይጠይቅም።

አርብ መጣ። ካፒቴን ኒያንግዌሶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማያው ፊት ተቀመጡ። "እኩል" አለ ማያው። ኦጉቱ እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፋ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ኦቲየንዴ የሚባል ዓሣ አጥማጅ የዶሮ ኩስ የተለጠፈበት የብረት ቱቦ ታቅፎ ገባ። የቱቦው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

"ይቅርታ፣ ይህ ዕቃ የእናንተ ነው? ስልካችሁ ተጽፎበታል።"

ኦጉቱ ብድግ አለ። "የት አገኘኸው?"

"ማዕበል ነቅሎ አመጣው። ከፋሲካ ወዲህ ዶሮ ቤት ነው የከረመው። ጫጩቶቹ መብራቱን ወደውት ነበር፤ ሚስቴ ግን 'እንቁላል ቀነሰብኝ፣ መልስ' አለች።"

ሁሉም ወደ ማያው ዞሩ። አረንጓዴው ቃል ንቅንቅ አላለም፦ እኩል።

"ኦጉቱ" አሉ ካፒቴኑ በዝግታ፤ "ሐይቁ ነው ዶሮ ቤት የገባው ወይስ ዶሮዎቹ ናቸው ሐይቅ የገቡት?"

አኬሎ አፏን በመዳፏ ከደነች። ከአረንጓዴው ቃል በላይ ሁለቱም የቁጥር ረድፎች በግልጽ ተደርድረዋል። የላይኛው ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ ይላል፤ የታችኛው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ለሳምንታት እዚያው ነበሩ። ዓይን ሁሉ ግን እየዘለላቸው ቃሉ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ኦጉቱ በላብ ተጠምቆ ጣቱን መጀመሪያው ቁጥር ላይ ቀሰረ። አንድ በአንድ እየነካ ሄደ። ጣቱ የረድፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመና "አጥንት!" ብሎ ጮኸ።

"ሰውየው አሞታል መሰለኝ፣ ውሃ ስጡት" አሉ ካፒቴኑ።

"አላመመኝም፣ ካፒቴን! ቋቱ ጣት አለው፤ ጠቋሚ። አንድ ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር አንድ እርምጃ ይሄዳል። ማወዳደሩ የሚጀምረው ደግሞ ጠቋሚው ከቆመበት ነው። ያለፈውን አያይም፤ የቀረውን ብቻ ነው። እኔ ከማወዳደሬ በፊት ለሰው ላሳይ ብዬ ሁሉንም አነበብኳቸው። ሁለቱም ጠቋሚዎች ጭራው ላይ ደረሱ። ከዚያ በኋላ እኩል ናችሁ ወይ ብላቸው..."

"ባዶ ከባዶ" አለች አኬሎ።

"ባዶ ከባዶ እኩል ነው። እነሱ አልዋሹም።"

ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አገላበጡ። "መጨረሻ ላይ ሁላችንም እኩል ነን ነው የምትለኝ? እሱንማ ቄሱም ነግረውኛል። መርከብ ለማቆም ግን አይረዳም።"

ኦጉቱ ተቀመጠና ከማወዳደሩ በፊት ሁለቱንም ጠቋሚዎች ወደ መጀመሪያው የምትመልስ አንዲት መስመር ጻፈ። ቁልፉን ሲጫን በልቡ የናይሮቢን አውቶቡስ ተሳፍሮ ነበር። ማያው ቀላ፦ እኩል አይደለም።

ካፒቴን ኒያንግዌሶ ተነሱ። ኦጉቱ ለስንብት እጁን ዘረጋ።

"በሉ ቱቦውን እጠቡና ውሃው ውስጥ መልሱት" አሉ ካፒቴኑ። "እኔ ያልኩትን ሁሉ 'አዎ' የሚል መርከበኛ መርከቤ ላይ አይወጣም። ይሄ ፕሮግራም ግን ጌታው እያላበው፣ እንግዳ ፊት 'አይደለም' አለው። እሺ ብያለሁ።"

"ጫጩቶቹስ?" አለ ኦቲየንዴ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኦጉቱና አኬሎ ካፒቴኑንም ኦቲየንዴንም ይዘው ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። ቲላፒያው መጣ። ኦጉቱ ዛሬስ በልቼ ነው የማሳየው ብሎ እጁን ሰደደ፤ ግን ዓይኑ ከዓሣው ዓይን ጋር ተገጣጠመ። "ይህን ዓይን እዩት..." ጣቱ ተጓዘ፤ ሦስት እጆች ተከተሉት። ጭራው ላይ ሲደርስ ደነገጠና ጣቱን ፈጥኖ ወደ ጭንቅላቱ መለሰ።

"ጃዱዎንግ" አለች አኬሎ ጣቶቿን እየላሰች፤ "ያቺ መስመር ዓሣ ላይ አትሠራም።"