የእትዬ ቤሪት ሳህን

ትሮስተሩድ የሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር በገባን ሰሞን፣ ታች ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ቤሪት ሳህን ሙሉ የገና ብስኩት ይዘውልን መጡ። እኔ ወሎ ነው ያደግኩት፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ዳቦ ቆሎ ሞልቼ ሰደድኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ የጣሊያን ብስኩት ተሸክሞ ተመለሰ። እልህ ያዘኝና ከዩቲዩብ አይቼ የሞሮኮ ጋገርኩ። የግሪክ መጣ፤ የቱርክ ላክሁ። የበረዶው ክረምት ሳያልቅ የባሌ ሱሪ አልቆለፍ አለ።

እጅ ልስጥ ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ። እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው ከፈቱልኝ።

«እናንተ ዘንድ ባዶ ሳህን መመለስ ነውር እንደሆነ አንድ ያገርሽ ልጅ ነግሮኛል» አሉኝ በደከመ ድምፅ። «ግን ይሄ ነገር የሚያበቃው መቼ ነው?»

እኔም ደክሞኛል ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ከምድጃቸው የቅቤና የሄል ሽታ አፍንጫዬን አወደው።

«በእኛ ባህል» አልኳቸው፣ «ገና ሰባት አገር ይቀራል።»