ብቅ ብላ የምትጠፋው ፕሮግራም

ቤተሰቦቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «ለምን» ነው የሚሏት። አፏን የፈታችው በዚህ ቃል ነው ይላል ታላቅ ወንድሟ፣ እስከ ዛሬም ስላልለቀቃት እየተማረረ። አሁን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት።

የመጻሕፍቱ መዝገብ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር ከዓመታት ወዲህ ይንቀራፈፍ ነበር፤ አንድ ሰሞን ግን ባሰበት። የንባብ አዳራሹ ኃላፊ እትዬ፣ ትዕግሥት ያልፈጠረባቸው ሴት፣ በር ላይ ቆመው ተጣሩ።

«ነይ እይልኝ እንጂ! አንድ መጽሐፍ ስፈልግ ጠጉሬ ሸበተ።»

መጥታ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ተመለከተች። ሁሉም አደብ ገዝተዋል። ደግማ ብታይም ያው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያቃስታል።

«እና ጂን ነው የሚያደክመው?» አሉ እትዬ።

እሷ ግን ሌላ ነገር ከንክኗት ነበር። የምታየው በየተወሰነ ጊዜ ነው፤ በሁለት እይታ መሃል ተነሥቶ የሚያበቃ ቢኖርስ? እንዲህ ያለውን ማን ያየዋል?

ከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ ፕሮግራም፣ ያየዋል። ሥርዓቱን ከሥር ሆኖ የሚመራው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ሳያውቀው የሚጀምርም የሚያበቃም ፕሮግራም የለም። ታዲያ ይነግረኝ ይሆን? ምሳዋን ረስታ መመሪያ ስታገላብጥ አገኘችው። ፈቃድ ያለው ፕሮግራም «እኔም ልስማ» ብሎ ከተመዘገበ፣ ከርነሉ ራሱ እገሌ ተነሣ፣ እገሌ ሥራ ቀየረ፣ እገሌ አበቃ እያለ ወዲያው መልእክት ይልክለታል።

አጭር የማድመጫ ፕሮግራም ጽፋ አስነሣችው። ስክሪኑ ጭጭ አለ። ለካ መመዝገቡን ዘላዋለች! አስተካከለችው። ከዚያማ መስመሩ እንደ ዶፍ ወረደ፤ አንዲት ሚጢጢ ፕሮግራም ተነሣች፣ አበቃች፣ ተነሣች፣ አበቃች። የምታስነሣት ደግሞ የአንባቢዎች መታወቂያ ይታተምበት የነበረው የድሮው የካርድ ማተሚያ ፕሮግራም ናት። ማተሚያው ከተጣለ ዓመታት አልፈዋል።

ከእሷ በፊት እዚያ ይሠሩ ለነበሩት ጡረተኛ ደወለች።

«ጋሼ፣ የካርድ ማተሚያው ትዝ ይልዎታል?»

«ያ ነገረኛ? ሁልጊዜ ይቆምብኝ ነበር። ካቃተሽ እንደገና ሞክሪ ብዬ ፕሮግራሟን አዝዣት ነው የተገላገልኩት።»

«እስካሁን እየሞከረች ነው እኮ!»

በሳቅ ፈነዱ። «ወይ የኔ ነገር! በይ አሳርፊያት፣ ልጄ።»

አሳረፈቻት። ኮምፒውተሩ ነፍስ ዘራ። ማድመጫውን ለመዝጋት ግን እጇ እንቢ አላት። አንድ አንባቢ መጽሐፍ ሲፈልግ አንዲት ፕሮግራም ትነሣለች፤ መልሱን አድርሳ ትሰናበታለች። ይህ ሁሉ ግርግር አፍንጫዋ ሥር ነበር!

እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ከኋላዋ አጮለቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቆይ ቆይ፣ ይቺኛዋስ የማን ናት?»